ከግቢዬ የወጣው ውሃ

ለእንግዳ ብዬ ግቢ በማጠቤ እንጀራዬን ላጣ ነበር። ሌላው ሰው በስንፍናው ይቀጣል፤ እኔ በጽዳቴ ልቀጣ! ነገሩ የሆነው ጅማ ውስጥ፣ ኢሕአዴግ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሳስታውሰው አንዴ ያስቀኛል፣ አንዴ ደግሞ ያን ዕለት የያዘኝ ድንጋጤ እንደ አዲስ ይመጣብኛል። ከመጀመሪያው ላውጋችሁ።

ያን ጊዜ ወደ ሠላሳ የተጠጋሁ ያላገባሁ ሴት ነበርኩ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ስሠራ ቆይቼ፣ ሠራተኛ ሲቀነስ ከተቀነሱት አንዷ ሆንኩ። አባቴ የጭነት መኪና መካኒክ ነበር። ሲያርፍ ለእናቴና ለእኔ የተወልን አንድ ቤትና ግቢ ሙሉ አሮጌ ብረት ነው፤ የተፈታታ ሞተር፣ የተጣመመ ሻንሲ፣ ዝገት የበላው በርሜል። ሥራ ሳጣ እሱን መሸጥ ጀመርኩ። እሱ ሲያልቅ ደግሞ መግዛት ጀመርኩ። ቁራሌዎች ከከተማውም፣ በአቅራቢያችን ካሉት ከየቡ እና ከሰቃ ከተሞችም በጆንያ እየተሸከሙ ያመጡልኛል። እኔና ድሮ ከአባቴ ጋር ይሠራ የነበረው ከድር ብረቱን በየዓይነቱ እንለይና፣ አንድ መኪና ሲሞላ ለአዲስ አበባ ነጋዴ እንሸጣለን።

እናቴ በዚህ ሥራዬ ታፍር ነበር። የማኅበር ጓደኞቿ «የሺ አሁን ምን ትሠራለች?» ሲሏት «ንግድ ላይ ናት» ትልና ወሬ ትቀይራለች። እኔም ከእሷ አልሻልም። አብረውኝ የተማሩትን መንገድ ላይ ሳገኝ ግራሶ የገባበትን ጥፍሬን እንዳያዩብኝ እጄን ከኋላዬ አደርጋለሁ። ሥራው ያበላኝ ነበር እንጂ አያኮራኝም ነበር።

በዚህ መሀል ማዘጋጃ ቤቱ አሮጌ ብረት የምናከማቸውን ሁሉ ሰበሰበን። ኢንጂነር ዮናስ የሚባል፣ እዚያው ጅማ ተምሮ እዚያው የተመደበ፣ ፊቱ የማይፈታ ወጣት ቆሞ አዲሱን ደንብ ነገረን። ከእንግዲህ ያለ ፈቃድ ብረት ማከማቸት የለም። ግቢው ከመንገድ እንዳይታይ ይታጠራል። ጎማ አይቃጠልም። ውሃ የሚያቁር ጎማና ጣሳ ደጅ ከተቀመጠ ወባ ያራባልና ይነሳል። ዘይትና ናፍጣ ከግቢ ወጥቶ ወደ ጎረቤትም ሆነ ወደ አዌቱ ወንዝ መፍሰስ የለበትም። አዋሳኝ ጎረቤት ተቃውሞ ካለው ደግሞ ይሰማል። ይህን ያላሟላ በሰቃ መውጫ ወደ ተከለለው ሜዳ ይሄዳል።

ያን ሜዳ አውቀዋለሁ። መብራት የለ፣ አጥር የለ፣ ቁራሌ ጆንያ ተሸክሞ የሚደርስበት አይደለም። ለእኔ ወደዚያ ሂጂ ማለት ዝጊ ማለት ነበር።

ወገቤን አሥሬ ተነሳሁ። ከድር በርሜሎችን ቀጥቅጦ ዘረጋልኝ፤ ዙሪያውን አጥረን አረንጓዴ ቀባነው። ጎማዎቹን ከጣሪያ ሥር አስገባን። አንድ ነገር ብቻ አልተስተካከለልኝም፤ እሱም ሐጂ ነዚፍ ናቸው። የሐጂ ግቢ ከእኔ ግቢ ዝቅ ብሎ ነው። ጀንፈል፣ ማለት ከነገለባው ያለ ቡና፣ እየገዙ ያሰጣሉ፣ ገለባውን በማሽን ይፈለፍላሉ፣ ይሸጣሉ። ከአባቴ ጋር የሚከባበሩ ሰው ናቸው። ቢሆንም ለማዘጋጃ ቤቱ ተቃውሞ አስገብተውብኛል። ሄጄ ብጠይቃቸው አልሸሸጉኝም።

«ቡና የቀረበውን ሽታ ሁሉ ይይዛል፤ የሰው ጠረን እንኳ ሳይቀር» አሉኝ። «ናፍጣ የሸተተ ጀንፈል ማን ይገዛኛል? አንቺን አልጠላሁም። ብረትሽን ነው።»

ተናድጄ ወጣሁ። ከንዴቴ ብዛት ትክክል መሆናቸውን እንኳ አላሰብኩም።

ለፈቃዱ ግቢዎችን እየዞረ የሚያየው ኮሚቴ የሚመጣበት ሐሙስ ደረሰ። በእኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ፤ ይጠረጋል፣ ይታጠባል። በማለዳ ተነስቼ የዱቄት ሳሙና በባልዲ በጠበጥኩና ሞተር የሚፈታበትን ቦታ በመጥረጊያ እፈትገው ጀመር። ከድር መጣና ወገቡን ይዞ ቆመ።

«የሺ፣ ሰው ብረት ተራ ያጥባል እንዴ?»

«አንተ ውሃ አቅርብ» አልኩት። «ከማዘጋጃ ቤት ሰው ሲመጣ ግራሶ ላይ አላቆምም።»

አቀረበልኝ። በርሜሉ እስኪያልቅ አፈሰስን። አባቴ በሕይወት እያለ ጀምሮ መሬቱ የጠጣው ዘይት ለካ ሳሙና ሲነካው ይለቃል! እኔ ግን ወደ ታች የሚወርደውን ልብ አላልኩም። ነጠላዬን ለብሼ በሩ ላይ ቆምኩ።

ኢንጂነር ዮናስና የቀበሌው ተወካይ ገቡ። አጥሩን አዩ፣ ነካ ነካ አደረጉት። ተወካዩ «ከመንገድ ምንም አይታይም፤ ጎበዝ ናት» አለ። ደረቴ ነፋ አለ። ኢንጂነሩም ጎማዎቹን አይቶ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ልክ «እንግዲህ...» ብሎ ሲጀምር ከታች የሐጂ ድምፅ ተሰማ።

«ያ ረቢ! ቡናዬን! ቡናዬን ጨረሰችው!»

ሁላችንም ወደ ታች ሮጥን። ያጠብኩበት ውሃ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ወርዷል። ጥቁር ነው፤ አረፋ ደፍቷል፤ ላዩ ላይ ናፍጣው ቀስተ ደመና ሠርቷል። የሐጂ ማስጫ ጫፍ ላይ የተሰጣውን ጀንፈል እንደ ቅርንፉድ አጥቁሮታል። ሠራተኞቻቸው ቀሪውን ለማዳን በአካፋ ይሯሯጣሉ። እኔ በነጠላዬ መሀል ቆሜያለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

«ወይዘሪት የሺ» አለኝ ኢንጂነሩ በዝግታ፤ «ዝናብ ሳይጥል እንዲህ ከሆነ፣ ሲጥልስ?»

«ለእናንተ ብዬ አጥቤ ነው...» አልኩ።

«የፈቃድ ምዝገባው ሰኞ ያበቃል። ሰኞ እመለሳለሁ። ከዝናብ በኋላ ከግቢዎ የሚወጣውን ውሃ አያለሁ። ዘይት ካለው አልፈቅድም።» ይህን ብሎ ሄደ።

ሐጂ በእኔ ላይ መጮኽ ጀመሩ። በአማርኛ ጀምረው ኦሮምኛው ላይ ሲደርሱ ቁጣቸው ባሰ። አንገቴን ደፍቼ ስሰማ ዓይኔ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ከማሽኑ የሚወጣው የቡና ገለባ በአጥሩ ጥግ ተከምሯል። የእኔ ጉድ ውሃ እዚያ ጋ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ አንዱ ወደ ማስጫው ሄዷል፣ ሌላው ገለባው ውስጥ ገብቷል። ከገለባው ማዶ የወጣው ውሃ ግን ጥቁር አልነበረም። ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል። ቀስተ ደመናውም የለም።

«እየሰማሽኝ ነው?» አሉ ሐጂ።

«እየሰማሁ ነው» አልኩ። ልቤ ግን ገለባው ጋ ነበር።

ማታ ለእናቴ ሳወራት አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲህ ይበቃሻል ልጄ» አለችኝ፤ «እግዜር ራሱ ከዚህ ቆሻሻ ሊያወጣሽ ይሆናል።» የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ እናቴ ሥራው እንዲዘጋብኝ ትመኛለች። እልህ እንዲህ ያቃጥላል ብዬ አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ፣ ሐጂ ከጁምዓ እስኪመለሱ ጠብቄ ሄድኩ።

«አካም ኦልታኒ ሐጂ?»

«ናጋ» አሉኝ፤ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ። «ተቃውሞዎን ያንሱ ልትዪኝ ከሆነ አትድከሚ።»

«ለሱ አልመጣሁም። ገለባ ይስጡኝ ብዬ ነው።»

አሁን ቀና አሉ። «ምን?»

«የቡና ገለባ። ብዙ።»

ወደ ሠራተኞቻቸው ዞሩ። «ሰማችሁ? እኔን ማዘጋጃ ቤቱ ገለባ አታቃጥል፣ ጭሱ ሰፈሩን አስቸገረ እያለ መቀመጫ አሳጥቶኛል። ይቺ ደግሞ ስጡኝ ትላለች። ወላሂ ይቺ ልጅ ደህና አይደለችም!»

እጃቸውን ያዝኩ ማለት ይቻላል፤ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰድኳቸው። ክምሩ ውስጥ እጄን አግብቼ ከሥሩ ጥቁር ጥቁር ያለውን ገለባ አወጣሁላቸው። ተቀብለው አሸተቱት። ፊታቸውን አኮማተሩ። ከዚያ ማዶውን፣ ገና ያልደረቀውን መሬት ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«ኤጋ፣ እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ። «ገለባውን ውሰጂ። አሮጌ ጆንያም አለ፣ ውሰጂ። ተቃውሞዬን ግን አላነሳም። ሰኞ ውሃው ከቆሸሸ ቆሽሿል እላለሁ። የአባትሽ ወዳጅ ነበርኩ ብዬ ቡናዬን አልሰዋም።»

«ከዚህ በላይ አልጠይቅዎትም» አልኩ። በሆዴ ግን ድርቅናቸውን እየረገምኩ ነበር።

ከድርና እኔ ያን ቀን አባቴ የመኪና ዘይት ሲያፈስበት የኖረውን አፈር ጠርገን በርሜል ውስጥ ከደንነው። ቅዳሜ በግቢው ታችኛው ወሰን ወደ መንገድ የሚያወጣ ቦይ ቆፈርንና ገለባ ሞላንበት። ውሃ ለቀን ሞከርን። ገለባው ተንሳፈፈ! ባልዲው ሳያልቅ ሁሉም እየተንሳፈፈ መንገድ ላይ ወጣ። ከድር መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ፤ እኔ ቆሜ አለቀስኩ።

«ቆይ እንጂ» አለኝ። «ገለባ ቀላል ስለሆነ ነው። እኛ ደግሞ ከባድ ነገር ምን ቸግሮን?»

ዞር ብዬ ግቢዬን አየሁ። ያ ሁሉ ብረት!

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ገለባውን በሐጂ ጆንያዎች ጠቀጠቅን። ጆንያዎቹን በቦይው ውስጥ በረድፍ አስተኛን። በላያቸው የመኪና ቸርኬና፣ ገዢ አጥቶ የኖረውን ቴስታታ ሁሉ፣ ማለት የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ጫንን። ውሃ ስንለቅ ንቅንቅ አላሉም። ወጥቶ የፈሰሰውን በእጄ ቀዳሁት። ሻይ መሳይ ነው፤ ዘይት የለውም። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ ታየን ነበር።

የቀረኝ ዝናብ ብቻ ነበር። ጅማ ሆኖ ዝናብ ይለመናል? ጃንጥላ ረስተህ በወጣህ ቁጥር የሚጥል ዝናብ፣ ያን ሰኞ ግን ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቶ ዋለ። ሐጂም ፀሐዩን ተማምነው ቡናቸውን እስከ አጥሬ ሥር አሰጡት።

ከሰዓት በኋላ ኢንጂነሩ ከቀበሌው ተወካይ ጋር መጣ። ቦይውን አየ። ጎንበስ ብሎ ጆንያዎቹን ነካ፣ ቴስታታዎቹን ገፋ አድርጎ ሞከረ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲፈታ ያየሁ መሰለኝ። ከዚያ ሰማዩን አየ።

«ዝናብ አልጣለም» አለ። «ያላየሁትን ውሃ አይቻለሁ ማለት አልችልም።»

«ታዲያስ?»

«ምዝገባው ዛሬ ያበቃል። ያልተረጋገጠ ግቢ ፈቃድ የለውም።» ድምፁን ቀነስ አደረገ። «አዝናለሁ። አሠራሩ እንደዚያ ነው።»

ሊሄድ ዞረ። እኔ ያን ጊዜ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«ያ በየመንገዱ ችግኝ የሚያጠጣው ቦቴ የማን ነው?» አልኩ።

«የማዘጋጃ ቤቱ ነው።»

«ይምጣና እዚህ ይልቀቀው።»

የቀበሌው ተወካይ ሳቀ። ኢንጂነሩ ግን አልሳቀም። «የቦቴ ውሃ ከዝናብ ይበረታል። ቦይውን ከጣሰው ወደቁ ማለት ነው፤ ሁለተኛ የለም። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል። ይምጣ።»

«ምን አልሽ አንቺ!» አለች እናቴ ከበረንዳ።

ኢንጂነሩ ሰው ላከና ቦቴው ወዲያው መጣ። ሰፈሩ ተሰበሰበ፤ ቁራሌዎቹ ጆንያቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ በሩ ላይ ቆሙ። ሐጂ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው በወሰኑ ማዶ ቆመዋል። ተወካዩ «ሐጂ፣ ቡናውን ያንሱት እንጂ» ቢላቸው «ጠዋት ያሰጣሁትን ለአንድ ቦቴ ብዬ አላነሳም። ያቺ ቦይዋን ታምን የለ!» አሉ።

ሾፌሩ ውሃውን ለቀቀው። ከላይ ሞተር ከምንፈታበት ጀምሮ ያገኘውን ዝገትና ግራሶ ሁሉ እየጠራረገ ወረደ። ቦይው ውስጥ ገባ። የመጀመሪያዎቹ ጆንያዎች ያዙት። ውሃው ሞላ፣ ከፍ አለ፣ ሞላ። ወደ ሐጂ ማስጫ በሚያዞረው ጥግ ላይ አፈሩ እየረጠበ፣ እየላላ ሲሄድ አየሁ። ከዚያ ቦይው ተሸረፈና ጥቁር ውሃ በቀጭኑ ወደ ቡናው መውረድ ጀመረ።

አለቀልኝ አልኩ። ግን አንድ ሙሉ ጆንያ አቅፌ ዘልዬ ገባሁ። ብቻዬን አልበቃሁም፤ ውሃው ጆንያውን ከእኔ ጋር ገፋው። በዚያ መሀል አንድ ድምፅ ጆሮዬ ሥር ጮኸ።

«ገለባ ፊዳ! ደፋ! ቶሎ ገለባ አምጡ!»

ሐጂ ነዚፍ ናቸው። ጫማቸውን አውልቀዋል፣ ሽርጣቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበዋል፣ ጭቃው ውስጥ ከእኔ ጋር ገብተዋል። ሠራተኞቻቸው ጆንያ ይዘው ሮጡ። እሳቸው በእግራቸው እየረገጡ ጠቀጠቁት። ውሃው አሁንም ይገፋል።

«አንቺ ልጅ፣ ብረት!» አሉኝ። «ብረት ጫኚበት! ያንን ከባዱን!»

ከድርና እኔ ቴስታታ ላይ ቴስታታ ጫንንበት። ጆንያው ተቀመጠ። ጥቁሩ ውሃ ቆመ፣ አመነታ፣ ወደ ቦይው ተመለሰ። ቦቴው እስኪያልቅ ድረስ እኔና ሐጂ ትከሻ ለትከሻ ጆንያው ላይ ቆመን ነበር። ቡናቸው ጋ የደረሰ ጠብታ አልነበረም።

ኢንጂነሩ አንዲት ነጭ ጠርሙስ ይዞ ቦይው ወደ መንገድ ወደሚወጣበት ወረደ። ቀዳ። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አነሳ። ከኪሱ ነጭ መሐረብ አወጣ፣ የሚፈሰው ውሃ ላይ አነጠፈው፣ አነሳው፣ አገላብጦ አየው።

«ቀለም አለው፤ የገለባ ቀለም ነው» አለ። «ዘይት ግን አላየሁም።»

ከድር ጮኸ። ኢንጂነሩ እጁን አነሳ። «ገና ነው። ቦይው መሸረፉንም አይቻለሁ። ቡናው ጋ ሳይደርስ ስለተመለሰ ጣሰ አልልም፤ ጥጉ ግን በድንጋይ ይገነባል። አሁን የሚቀረው የጎረቤት ተቃውሞ ነው። ሐጂ፣ ምን ይላሉ?»

አጠገባችን የሉም። ዞረን ፈለግናቸው።

ሐጂ ነዚፍ ከታች፣ ውሃው በሚወጣበት ላይ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የሆነውን እግራቸውን ዘርግተው፣ ከግቢዬ በሚወጣው ውሃ ጣት በጣት እየፈለቀቁ ይታጠባሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ለምን እንደተጠሩም ገና አልገባቸውም።

«ሐጂ» አለ ኢንጂነሩ፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ «ተቃውሞዎ እንዳለ ነው?»

ሐጂ ውሃውን አዩ። እግራቸውን አዩ። ከዚያ እኛን አዩ።

«ምን ትጠይቀኛለህ» አሉት፤ «እየታጠብኩበት!»

ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። በሳቁ መሀል ከበረንዳው እልልታ ተሰማ። እናቴ ናት። ያቺ ሥራዬን ስሙን እንኳ መጥራት የምታፍር ሴት፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ከብረቱ ፊት ለፊት ቆማ እልል ትላለች። እኔ እዚያው ጭቃው ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የደስታ ነው፤ ምን እደብቃለሁ።

ፈቃዱ በስሜ ወጣልኝ። በከተማው ከተሰጡት የመጀመሪያው ነበር። ሌሎቹ ብረት ነጋዴዎች ቦይዬን ሊያዩ መጡ፤ ኋላም ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ የሚጠይቁትን «መጀመሪያ የሺ ግቢ ሄዳችሁ እዩ» ይላቸው ጀመር። ዘይት የጠጣው ገለባ በርሜል ውስጥ ተከድኖ ይቀመጥ የሚለውን ኢንጂነር ዮናስ ራሱ ደንቡ ላይ አስጨመረ። ሐጂም የሚያቃጥሉት ገለባ እየቀነሰ ሄደ። የከተማው ጋራዦች ሁሉ ገለባ ፍለጋ በራቸው ላይ ይሰለፉ ነበርና።

እናንተ የምታነቡኝ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ያን ደንብ ሊነቅለኝ የመጣ ጠላት አድርጌው ነበር። ሐጂንም እንደዚያው። ሁለቱም የጠየቁኝ ግን አንድ ቀላል ነገር ነው፤ ከቤትሽ የሚወጣው ነገር ሌላውን እንዳይጎዳ አድርጊ ነው ያሉኝ። ይህን ጥያቄ መመለስ ስችል ነው ሥራዬ ሥራ የሆነልኝ። እጄን መደበቅ የተውኩትም ከዚያ ወዲህ ነው። እናቴ ስለ እኔ ስትጠየቅ አሁን «አሮጌ ብረት ትነግዳለች፤ ፈቃድ አላት» ትላለች፤ «ፈቃድ» የሚለውን ረገጥ አድርጋ።

ዛሬም ጅማ ዝናብ ሲጥል ሰው ሁሉ ወደ በረንዳ ይሮጣል። እኔ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ወደ ታች እወርድና ከግቢዬ የሚወጣውን ውሃ ቆሜ አያለሁ። ጎረቤት ሲያየኝ ይስቅብኛል። ይሳቅ!